ከሰሊጥ እርሻ የተመለሰው ትኩሳት

እ.ኤ.አ. በ2005 በሊቦ ከምከም ወረዳ የገባው ትኩሳት በወባ መድኃኒት አልበርድ አለ። ሕሙማኑ ይከሳሉ፣ ይገረጣሉ፣ ጣፊያቸው አብጦ ሆዳቸው ይነፋል፤ የሞቱም ብዙ ነበሩ። መጀመሪያ መድኃኒት የተላመደ ወባ ነው ተባለ። ሲመረመር ግን ካላዛር ሆኖ ተገኘ፤ እስከዚያ ድረስ የሁመራና የመተማ ቆላ በሽታ ተደርጎ ይታይ የነበረው ካላዛር። ድንበር የለሽ ሐኪሞች በአዲስ ዘመን ጤና ጣቢያ ሕክምና ጀመሩ። እስከ 2007 ድረስ በሊቦ ከምከምና በፎገራ ከ2,400 በላይ ሰዎች በበሽታው ተይዘው 120 ያህሉ ሞተዋል።

አጥኚዎች ምንጩን ሲያፈላልጉ ቆላ ወርደው የተመለሱ የቀን ሠራተኞች ተውሳኩን ሳያመጡት እንዳልቀሩ ገመቱ።

ይህ መንገድ ዛሬም አልተዘጋም። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚያመራው አስፋልት ላይ ያለችው ሐሙሲትና አካባቢዋ መሬት የጠበበባቸው ወጣቶች የሚበዙበት ነው። ሐምሌና ነሐሴ ለአረም፣ ከመስከረም ጀምሮ ደግሞ ለሰሊጥ አጨዳ በጎንደርና በአዘዞ አድርገው ወደ መተማ የሚወርዱ አሉ። ከጣና ዳር 1,800 ሜትር ከፍታ ተነስተው 700 ሜትር ገደማ ላይ ይደርሳሉ።

ካላዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ከትንኝ ታንሳለች፣ ድምፅም የላትም። ቀን በዋልካ አፈር ስንጥቅ ውስጥ ትደበቅና ሲመሽ ትወጣለች። ሠራተኛው ደግሞ ከድካሙ የተነሣ ያገኘው ግራር ሥር ጋደም ይላል። በሊቦ ከምከም የተደረገ ጥናትም ቀን ግራር ሥር መተኛትንና ሌሊት ደጅ ማደርን ለበሽታው ከሚያጋልጡት ነገሮች ውስጥ አስገብቷቸዋል። እንግዲህ ኬሚካል የተነከረ አጎበር ማደል ጥሩ ነው፤ ግን ማንጠልጠያ የሌለው ሜዳ ላይ ለሚያድር ሰው አጎበሩ ብቻውን ምን ያደርግለታል? መጠለያውን መሥራት ያለበት ባለ እርሻው ነው።

ሙቀቱም አለ። የዓለም የሥራ ድርጅት በ2024 ባወጣው ሪፖርት 2.4 ቢሊዮን ሠራተኞች ለከፍተኛ ሙቀት እንደሚጋለጡ ገልጿል። ሰውነት ከሙቀት ጋር ለመላመድ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል፤ ስለዚህ በጣም የሚያሰጋው የመጀመሪያዎቹ ቀናት ናቸው። ትናንት ከደጋ የወረደ ልጅ ዛሬ ከለመዱት እኩል ይጨድ ማለት አደጋውን መጥራት ነው። ክፍያው በቀን ሳይሆን በሠራው ልክ ሲሆን ደግሞ ጥላ ሥር ያረፈባት እያንዳንዷ ደቂቃ ከኪሱ ትቀነሳለች። ካሊፎርኒያ በዚያው በ2005 አሠሪዎች ውኃ፣ ጥላና እረፍት እንዲያቀርቡ የሚያስገድድ ደንብ ያወጣችው ሠራተኞች በሙቀት ስለሞቱ ነበር።

ቆላ ያልወረደውም ከአደጋው አላመለጠም። በፎገራ ሜዳ ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ሩዝ ላይ ፀረ ተባይና ፀረ አረም ይረጫል። ላብ ያረሰው ቆዳ መርዙን ይበልጥ ይስባል፤ ጓንትና ጭምብል ደግሞ ሙቀቱን ስለሚያብሱ ቢኖሩም ይወልቃሉ። ማለዳ መርጨት ሁለቱንም ችግር ያቃልላል። የተረጨበት ጀሪካን ታጥቦ ለመጠጥ ውኃ ሲያገለግል ማየት ግን አሁንም ያስደነግጣል።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ለሠራተኛው የአደጋ መከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብ ያዛል። ለአንድ ወቅት በቃል ተዋውሎ ለሚገባ አጫጅ ግን አዋጁን ማን ያስፈጽምለት?

እስከዚያው ደጋ ላይ ያለ ጤና ባለሙያ ብዙ ማድረግ ይችላል። ሁለት ሳምንት ያለፈው ትኩሳት ይዞት የመጣን ወጣት «ክረምቱን የት ከረምክ?» ብሎ መጠየቅ ወጪ የለውም። መልሱ መተማ ወይም ሁመራ ከሆነ ከጣት በሚወሰድ ጠብታ ደም የሚሠራው ፈጣን ምርመራ ውጤቱን በደቂቃዎች ይነግራል። ሳይታከም ከቀረ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል የሚገድለው ካላዛር፣ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልን በመሳሰሉ ማዕከላት ሁለት መርፌዎችን አጣምሮ በሚሰጥ የ17 ቀን ሕክምና ይድናል።