ሃምሳ ሲሲ ተሰናበተች፤ ጉልበት ፍለጋው ግን ቀጥሏል

ሆንዳ ለጃፓን ገበያ የሚያቀርባቸውን በቤንዚን የሚሠሩ የ50 ሲሲ ሞተር ሳይክሎች ማምረት ያቆመው እ.ኤ.አ. በሜይ 2025 ነው። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ጥብቅ የጭስ ሕግ እንደሚመጣ አስቀድሞ ይታወቅ ነበር። ጭስ የሚያጣራው ካታሊስት በደንብ ካልጋለ አይሠራም፤ ትንሿ ሞተር ደግሞ የምታወጣው ሙቀት ቶሎ የሚያግለው አይደለም። መፍትሔ አይጠፋለትም ነበር፤ ነገር ግን በርካሽነቷ የምትፈለግ ሞተር ከተወደደች ገዢ አታገኝም።

የትንንሽ ሞተሮች ንግሥት የነበረችው የሆንዳ ሞንኪ ግን ቀድማ ሄዳለች። 50 ሲሲዋ ሞንኪ የቆመችው በ2017 ሲሆን፣ ለመጨረሻዎቹ 500 ሞተሮች ከ40 ሺህ በላይ ሰው አመልክቶ ገዢዎቹ በዕጣ ተለዩ። መነሻዋ በ1961 ቶኪዮ አቅራቢያ በተከፈተው ታማ ቴክ በተባለው መዝናኛ ፓርክ ለልጆች የተሠራች መጫወቻ ናት። በ1967 ለመንገድ ተፈቀደች፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ባለ 5 ኢንች ጎማዋ በ8 ኢንች ተተካ። ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪኳ በአብዛኛው ባለቤቶቿ በየጋራዡ የጻፉት ነው።

ጉልበት ለመጨመር ለምን እሷ ተመረጠች? ሞተሯ የሌላዋ የሆንዳ ሞተር ሳይክል፣ የሱፐር ካብ፣ ዘር ነው፤ አንድ ሲሊንደር ያለው፣ ወደፊት የተጋደመ፣ በአየር የሚቀዘቅዝ። ሆንዳ ይህን አሠራር መሠረቱን ሳይለውጥ ለአሥርተ ዓመታት በብዙ ሞዴሎች ላይ ስለተጠቀመበት የአንዱ ዕቃ ለሌላው ይሆናል። ኦሳካ ያለው ታኬጋዋን የመሰሉ የመለዋወጫ ፋብሪካዎች በዚህ ገበያ ላይ አድገዋል። ክብደቷም ያግዛል። የመጨረሻዋ ባለ 50 ሞንኪ 68 ኪሎ ብቻ ስትሆን ጉልበቷ ከሦስት የፈረስ ጉልበት ብዙም አይበልጥም፤ እንዲህ ባለች ሞተር ላይ ግማሽ የፈረስ ጉልበት መጨመሩ ዳገት ላይ ወዲያው ይታወቃል።

ከማሻሻያዎቹ ሁሉ ዝነኛው የ88ቱ ነው። የፋብሪካው ሲሊንደር ስፋት 39 ሚሊ ሜትር፣ የፒስተኑ ምት 41.4 ሚሊ ሜትር ነው። ሲሊንደሩና ፒስተኑ ወጥተው በ52 ሚሊ ሜትር ሲተኩ፣ ምቱ ሳይነካ ይዘቱ ከ49 ወደ 88 ሲሲ ያድጋል። ስፋቱ የጨመረው በአንድ ሦስተኛ ነው፤ ይዘቱ ግን ወደ 78 በመቶ ጨመረ። ውበቱ ደግሞ የሞተሩን ሆድ መክፈት አለማስፈለጉ ነው። ቴስታታው ይነሳል፣ ሲሊንደሩ ይሳባል፣ ኮሎው ባለበት ይቀራል። ጠንቃቃ ሰው በአንድ ከሰዓት በኋላ ይጨርሰዋል።

ጥንቃቄው ያለው መልሶ ሲገጠም ነው። የፋሻዎቹ ክፍተቶች አንድ መስመር ላይ እንዳይውሉ ዞር ዞር ተደርገው ይቀመጣሉ። ከዚያ ቮላኖው ላይ ያለው ቲ ምልክት ከቦታው ሲገጥም፣ አልቤሮካሙን የሚያዞረው ጥርስ ላይ ያለችው ትንሽ ክብ ደግሞ ቴስታታው ላይ ካለው ጭረት ጋር ትክክል መሆን አለባት። ካቴናው በአንድ ጥርስ ከተዛነፈ ሞተሩ በደንብ አይሠራም ወይም አልነሳ ይላል፤ በጣም ከተዛነፈ ቫልቩ ከፒስተኑ ጋር ይጋጫል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ደርሶ ሥራው አለቀ ሲል ነው። በድሮው ካርቡሬተር የሚመጣው ቤንዚን ለ88 ሲሲ ስለሚያንስ ሞተሩ ከመጠን በላይ ይግላል፤ ስለዚህ ኬይሂን ፒሲ20ን የመሰለ ሰፋ ያለ ካርቡሬተር ይገጠማል። ዤቱም ካንዴላው እየተፈታ፣ ቀለሙ እየታየ ይመረጣል፤ ነጭ ከሆነ ቤንዚን አንሷል፣ ጥቁር ከሆነ በዝቷል። ቀጥሎ ፍሪሲዮኑ መንሸራተት ይጀምራል። ጉልበቱ ሲጨምር የፋብሪካው ኮሮና ያጥርበታል፣ የፊቱ ጥርስ ከፍ ይላል። የቴስታታው ቫልቮችም ለሃምሳ የተለኩ ጠባቦች ናቸው፤ ሰፋ ያለ ቫልቭና ጠንከር ያለ አልቤሮካም ያለው ቴስታታ ለብቻው የሚሸጠው ለዚህ ነው። የዚህ ሁሉ ማሰሪያ ፍሬን ነው። ለሦስት የፈረስ ጉልበት የተሠራ ታምቡር ፍሬን ይዞ ሁለት እጥፍ ጉልበት ማዞር ጀብዱ ሳይሆን ጥፋት ነው። ከፒስተን በፊት ዲስክ ፍሬን የሚገዛ ሰው ትክክለኛውን ቅደም ተከተል ይዟል።

ከ88 በላይ መውጣት የፈለገ ምቱን ለማርዘም ኮሎ ይቀይራል፤ ያኔ ሞተሩ ለሁለት ይከፈላል። ስፋቱም ምቱም 54 ሚሊ ሜትር የሆነው 124 ሲሲ ይሰጣል፤ ሙቀቱ ግን ዘይት ማቀዝቀዣ ያስፈልገዋል።

የጦፈው ክርክር ግን የተነሳው በታርጋ ላይ ነው። ጃፓን ውስጥ እስከ 50 ሲሲ ነጭ፣ እስከ 90 ቢጫ፣ እስከ 125 ሐምራዊ ሮዝ ታርጋ ይሰጣል። ባለ ነጩ በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ መሄድ፣ ሰው ማፈናጠጥም አይችልም፤ በትልልቅ መስቀለኛ መንገዶች ላይ ወደ ቀኝ የሚታጠፈው በሁለት ደረጃ ነው። ቢጫው ከዚህ ሁሉ ነፃ ነው። 88 ሲሲ የተመረጠውም ከ90 በታች ስለሚያርፍ ነው። ምዝገባው የሚካሄደው በማዘጋጃ ቤት ሲሆን፣ ባለቤቱ ቅጽ ሞልቶ ሞተሩን እንዳሳደገ ያስታውቃል፤ ብዙ ጊዜ ሞተሩን ከፍቶ የሚያይ የለም።

በዚህ ቀዳዳ ሁለት ዓይነት ሰዎች ገቡ። አንዱ ምንም ሳይቀይር አሳድጌያለሁ ብሎ ቢጫ ታርጋ ያወጣል። ሌላው አሳድጎ ነጩን እንደያዘ ይነዳል፤ ከ50 ሲሲ በላይ የሚያስነዳ መንጃ ፈቃድ ከሌለውም የሚነዳው ያለ ፈቃድ ነው፣ አደጋ ቢደርስ ኢንሹራንሱ ያከራክራል። የመጀመሪያው ድርጊት መነሻ በ30 ኪሎ ሜትር ከኋላው መኪና እየገፋው የሚጓዝ ሰው ፍርሃት ስለሆነ ስሜቱ ይገባል፤ ቢሆንም ሐሰተኛ ምዝገባ ነው። ጉዳቱ ግን በቅንነት ሠርተው፣ ፈቃዳቸውን አሻሽለው፣ ታርጋቸውን ቀይረው በሚነዱት ላይ ነው፤ ማጭበርበሩ ቢጫ ታርጋ የያዘች ትንሽ ሞተር በሙሉ በጥርጣሬ እንድትታይ አድርጓል።

ሌላው መንገድ ሞተሩን በሙሉ መቀየር ነው። በአዲስ አበባ በአውቶሞቢሎቹ የምናውቀው ሊፋን፣ እንዲሁም ዞንግሼንና ሌሎች የቻይና ፋብሪካዎች ከሆንዳው ጋር አንድ ዓይነት መያዣ ያላቸው 110፣ 125፣ 140 ሲሲና ከዚያም በላይ የሆኑ ሞተሮች ያመርታሉ። በጥቂት ብሎን ይገጠማሉ፤ ብዙ ጊዜ ከተሟላ የጃፓን ማሻሻያ ይረክሳሉ። እስከ ጥጉ ከተጎተተ 50 ይልቅ ሳይነካካ የሚሠራ 125 የበለጠ ዕድሜ እንዳለው መካድ አይቻልም። ደስታው ግን የተለየ ነው፤ ሳጥን ተፈታ፣ ሳጥን ታሰረ፣ በቃ።

  

ዛሬ ገበያውን የያዘችው በ2013 የመጣችው የሆንዳ ግሮም ናት፤ ከ2018 ጀምሮ ደግሞ ባለ 125 ሲሲዋ ሞንኪ ተከትላታለች። በእነዚህ ላይ ቤንዚኑን የሚመጥነው ኮምፒዩተር ስለሆነ ማርሚታና ፊልትሮ ተቀይሮ ኮምፒዩተሩ ካልተስተካከለ ውጤቱ ትንሽ ነው። ታኬጋዋ ለመጀመሪያዋ ግሮም 181 ሲሲ የሚያደርስ 63 ሚሊ ሜትር ሲሊንደር አዘጋጅቷል። በጃፓን ሕግ ግን 125 ሲሲ ሲታለፍ ሞተሯ ወደ ሌላ ምድብ ትገባለች። በ2021 የመጣው ባለ አምስት ማርሽ ሞተር ደግሞ ሲሊንደሩ ጠቦ 50 ሚሊ ሜትር፣ ምቱ ረዝሞ 63.1 ሚሊ ሜትር ስለሆነ የድሮው ሲሊንደር አይሆነውም።

ጃፓን ውስጥ በ50 ሲሲ ቦታ የተተካው አዲሱ ምድብ እስከ 125 ሲሲ ይፈቅዳል፤ ጉልበቱ ግን ከ4 ኪሎዋት እንዳይበልጥ በፋብሪካ መታፈን አለበት፣ ገደቡም በቀላሉ የማይነሳ መሆን ይኖርበታል። ታርጋው ነጭ፣ ፍጥነቱም ያው 30 ነው። ስለዚህ ከአሁን በኋላ መንገድ ላይ የምትታየው ባለ ነጭ ታርጋ ሞተር በአካሏ ከባለ ሮዟ የማትለይ ልትሆን ትችላለች። አንዳንድ ማዘጋጃ ቤቶች ሞተሩ መቀየሩን የሚያሳይ የግዢ ደረሰኝ ወይም ፎቶግራፍ ሲጠይቁ ቆይተዋል። ይህ አሠራር በሁሉም ቦታ ግዴታ መሆን ያለበት አሁን ነው፤ ለ88ቱ ባለቤቶችም ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው እሱ ነው።