በመቱና በኢሉባቦር ከተሞች ስለ ሟቾች የሚገኝ ማስረጃና የትውልድ ሐረግ ምርመራ

የአንድን ቤተሰብ የትውልድ ሐረግ ለማጥናት የሚነሣ ሰው በብዙ አገሮች መጀመሪያ የሚከፍተው የሙታንን መዝገብ ነው። በመቱ፥ በጎሬ፥ በቡሬ ወይም በበደሌ ግን ከ2008 ዓ.ም. በፊት ለሞተ ሰው እንዲህ ያለውን መዝገብ የሚጠይቅ መርማሪ አብዛኛውን ጊዜ ባዶ እጁን ይመለሳል። ይህ ሲባል ሞት ሳይጻፍ ይቀር ነበር ማለት አይደለም። በእነዚህ ከተሞች ሞት የሚጻፈው በሕያዋን ላይ ከሚያመጣው ግዴታ የተነሣ ነው፤ ቀብር የሚያስፈጽም፥ ገንዘብ የሚከፍል፥ ተዝካር የሚያወጣ፥ ርስት የሚከፋፈል፥ ቤት የሚረከብ ወገን ሁሉ ለየራሱ ጉዳይ አንዳንድ ቃል ይጽፋል። ስለዚህ መርማሪው አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው «በዚህ ሰው ሞት ምክንያት ግዴታ ያገኘው ማን ነበር?» ብሎ ነው።

የመንግሥት መዝገብ የዘገየበት ምክንያት በሕጉ ታሪክ ይታያል። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ የልደት፥ የጋብቻና የሞት የክብር መዝገብ እንዲኖር በዝርዝር ቢደነግግም፥ ይኸው ክፍል ወደ ፊት በነጋሪት ጋዜጣ በሚወጣ ትእዛዝ እስኪጸና ድረስ እንዲቈይ በዚያው ሕግ ተወስኖ ነበር። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቍጥር 760 የወጣው በ2004 ዓ.ም. ሲሆን፥ ምዝገባው በአገሪቱ የተጀመረው በሐምሌ ወር መጨረሻ 2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ የደረሰ ሞት በቀበሌው የክብር መዝገብ ሹም ዘንድ ይፈለጋል። ከዚያ በፊት ለነበረው ግን ወደ ሌሎቹ ጸሓፊዎች መሄድ ግድ ይሆናል።

ከእነዚህም ዋነኛው የዕድር መዝገብ ነው። የዕድሩ ጸሓፊ የአባላቱን ስም፥ የወር መዋጮአቸውንና ኀዘን ሲደርስባቸው የተከፈላቸውን ገንዘብ ይጽፋል። ብዙ ዕድሮች የሚከፍሉት ገንዘብ እንደ ዝምድናው ቅርበት ስለሚለያይ፥ ጸሓፊው «ስለ አባቱ»፥ «ስለ ባለቤቷ»፥ «ስለ እኅቱ» እያለ የሟቹን ዝምድና ለይቶ መጻፍ ይኖርበታል፤ ለትውልድ ሐረግ ምርመራም ከዚህ የሚሻል ቃል አይገኝም። ሆኖም ሁለት ነገር መጠንቀቅ ያሻል። አንደኛው፥ በመዝገቡ የሚገኘው ስም አብዛኛውን ጊዜ የአባሉ እንጂ የሟቹ አይደለም። ሁለተኛው፥ በሩቅ አገር የሞተ ዘመድ መርዶ በመቱ ሲነገር ድንኳን የሚተከለው በመቱ ስለ ሆነ፥ የተጻፈው ቀን ኀዘን የተቀመጡበት እንጂ የሞቱ ቀን ላይሆን ይችላል፤ በሁለቱ መካከል ወራት፥ አንዳንድ ጊዜም ዓመታት ያልፋሉ።

ከዕድር ቀጥሎ ቤተ ክርስቲያን ትመጣለች። ቃለ ዓዋዲ በ1965 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህ ሰበካ ጉባኤ የምእመናኑን ስምና ዓመታዊ አስተዋጽኦ ይመዘግባል፤ የአንድ ቤት ክፍያ የቆመበት ዓመትም የሞት ወይም ከአገር የመውጣት ምልክት ሊሆን ይችላል። ከዚያ ለቀደመው ዘመን በየቤቱ የሚገኘውን ዳዊት መግለጥ ይበጃል፤ በኅዳጉ ላይ የልደትና የሞት ቀን የጻፉ አባወራዎች ነበሩና። ነገር ግን ካህናት ሟቹን በጸሎት የሚጠሩት በክርስትና ስሙ ነው። በሰፈር አስካለ የምትባል ሴት በፍትሐት ወለተ ሥላሴ ልትሆን ስለምትችል፥ የክርስትናውን ስም ከነፍስ አባት ወይም ከቅርብ ዘመድ ሳይጠይቁ መዝገብ መግለጥ ድካም ብቻ ነው። ተዝካርም ቀንን ለመመለስ ይረዳል፤ አርባ፥ ሰማንያ፥ መንፈቅና ሙት ዓመት የሚቈጠሩት ከዕለተ ሞት ጀምሮ ስለ ሆነ፥ የድግሱን ቀን የሚያስታውስ ሽማግሌ ሳያውቀው የሞቱን ቀን ያስታውሳል።

በእስላሞች ዘንድ ቀብር ፈጥኖ ይፈጸማል፤ የሟች ስም በመቃብር ላይ መጻፉም የተለመደ አይደለም። እዚህ የሚረዳው የቤተሰቡ ቃልና የዕድሩ መዝገብ ነው። «በረመዳን ሞተ» የሚል ቃል ሲገኝ የሒጅራው ዓመት ከፀሐይ ዓመት 11 ቀን ያህል እንደሚያንስ አስቦ መቍጠር ይገባል። በኢሉባቦር ቤቴል ሲኖዶስ ሥር ያሉት ማኅበረ ምእመናን ደግሞ የአባልነት መዝገባቸው ይጠየቃል።

ርስትና ቤት ያለው ሰው ሲሞት ጉዳዩ ወደ ወረዳ ፍርድ ቤት ይደርሳል። የወራሽነት ማስረጃ የተሰጠበት መዝገብ የሟቹን ስም፥ የሞተበትን ጊዜና የወራሾቹን ዝምድና የያዘ ነው፤ በ1933 ዓ.ም. የተመሠረተው አዲስ ዘመን ጋዜጣም የፍርድ ቤት ማስታወቂያዎችንና የኀዘን መግለጫዎችን ሲያትም ኖሯል። ሆኖም በማመልከቻው ያልገባ ልጅ በፍርዱም ላይገባ ስለሚችል፥ የፍርድ ቤት መዝገብ የቤተሰቡን ሙሉ ቍጥር ያሳያል ማለት አይቻልም። በከተማ ቀበሌዎች ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ የተያዙት የቤተሰብ ቅጾችም ከነዋሪዎች ስም መካከል የተሰረዘውን በማሳየት ይረዳሉ። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ በተደረገው ለውጥ የጽሕፈት ቤቶቹ ቋንቋ ኦሮምኛ፥ ፊደሉም ቁቤ ስለ ሆነ፥ የአንድ ሰው ስም በአሮጌው ቅጽ በግእዝ ፊደል፥ በአዲሱ በላቲን ፊደል ተጽፎ ይገኛል፤ ሁለቱን አጻጻፍ ሳያስተያዩ የተለያዩ ሰዎች ናቸው ብሎ መወሰን አይገባም።

ጽሕፈት ለሁሉም እኩል እንዳልደረሰ መዘንጋት የለበትም። ጎሬ የራስ ተሰማ ናደው መቀመጫ፥ ኋላም የጠቅላይ ግዛቱ ዋና ከተማ ስለ ነበረች፥ የሹማምንቱና የካህናቱ ሞት ተጽፏል፤ በጋምቤላ ወንዝ ወደብ በኩል ቡና ይነግዱ የነበሩ የውጭ አገር ሰዎችም ጉዳይ በቈንስሎቻቸው ወረቀት ይፈለጋል። የገበሬው ሞት ግን በቃል ነው የቀረው። የኦሮሞ ሽማግሌዎች የሚቈጥሩት የአባቶች ስም፥ በለቅሶም ጊዜ ሙሾ የሚያወርዱ ሴቶች የሚያነሡት የሟቹ አባት፥ ፈረስ፥ ልጆችና የሞተበት ስፍራ ከጽሑፍ ባላነሰ ጥንቃቄ መመዝገብ አለበት። ሙሾ ውዳሴ ስለሚበዛበት ጀግንነቱን ሳይሆን ስሙንና ቦታውን መያዝ ይበልጣል።

በቃል የተገኘውን ዘመን ለመወሰን የታወቁ ሞቶችና ድርጊቶች እንደ ችካል ያገለግላሉ፤ የራስ ተሰማ ሞት በ1903፥ የኅዳር በሽታ በ1911፥ የአቡነ ሚካኤል በጎሬ መገደል በ1929 ዓ.ም. ናቸው። ከእነርሱም ጋር ወንጌላዊው ይጠየቃል። ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ተካፍሎ 1 ቢተርፍ ማቴዎስ፥ 2 ቢተርፍ ማርቆስ፥ 3 ቢተርፍ ሉቃስ፥ ምንም ባይተርፍ ዮሐንስ ነው። አንዲት ባልቴት «አያቴ በዘመነ ሉቃስ በኅዳር ሚካኤል ዕለት በበሽታው ሞተ» ብትል፥ 1907፥ 1911 እና 1915 ሁሉም ዘመነ ሉቃስ ሲሆኑ በሽታው 1911ን ይለያል፤ ዕለቱም ኅዳር 12 ቀን ነው። ነገር ግን ኅዳር 12 ራሱ በሽታው የሚታሰብበት ዕለት ሆኖ ስለ ቀረ፥ ባልቴቲቱ የመታሰቢያውን ቀን ከሞቱ ቀን ጋር አስተባብራ እንዳይሆን ሁለተኛ ምስክር መፈለግ ይገባል።

ይህ ምርመራ ለሊቃውንት ጕጕት ብቻ የሚደረግ አይደለም። በ1977 ዓ.ም. ከወሎና ከትግራይ ብዙ ሕዝብ ወደ ኢሉባቦር በሰፈራ ሲመጣ፥ በመንገድና በአዲሱ አገር የሞቱት ሰዎች ዘመዶቻቸው በሌሉበት ተቀበሩ። በ1983 ዓ.ም. ብዙዎቹ ሰፋሪዎች ሲመለሱ መቃብሩን የሚያውቁት ከአገሩ ወጡ። ስለዚህ በወሎ መርዶ ሳይደርሰው ዛሬም የሚጠብቅ፥ ተዝካር ለማውጣት ቀኑን የማያውቅ ቤተሰብ አለ፤ በኢሉባቦርም የሟቹን ስም እንጂ ትውልዱን የማያውቅ ጎረቤት አለ። እንዲህ ላለው ሰው አንዱ ወገን ብቻ ቢጠየቅ ምርመራው ግማሽ ነው፤ ስሙ፥ የአባቱ ስም፥ የመጣበት ወረዳና የሰፈረበት መንደር በሁለቱም አገር ተይዞ ሊመሳከር ይገባል።

ከማስረጃዎቹ ሁሉ ቶሎ የሚጠፋው የዕድር መዝገብ ነው። ደብተሩ ሲሞላ አዲስ ይከፈታል፤ አሮጌው በጸሓፊው ቤት ይቀራል፤ ጸሓፊው ሲሞት ደግሞ ልጆቹ ዋጋውን ላያውቁ ይችላሉ። አገሩም በኢትዮጵያ ዝናም እጅግ ከሚበዛባቸው አንዱ ስለ ሆነ ወረቀት በእርጥበት ይበላሻል። ስለዚህ በመቱ ዩኒቨርሲቲና በሌላም ስፍራ የሚማሩ ተማሪዎች በመጀመሪያ ሊያደርጉት የሚገባው፥ በዕድሩ ዳኛ ፈቃድ አሮጌዎቹን ደብተሮች በፎቶግራፍ መገልበጥ ነው። ሲገለብጡም የዕድሩን ስም፥ ደብተሩ የሚሸፍናቸውን ዓመታትና በማን እጅ እንደ ተገኘ በመጀመሪያው ገጽ ይጻፉ፤ የሕያዋን ዕዳና ቅጣት የተጻፈበትን ክፍል ግን ለሌላ አሳልፈው አይስጡ። አንዱ ቅጅ ለዕድሩ ሊመለስ ይገባል።