ስም ያልተጻፈበት ኮከብ

ሞያሌ ውስጥ ከአያት የተረፈ ሣጥን ያላችሁ ወዳጆቼ፣ እስቲ አውጡትና አብረን እንየው። በጨርቅ የተጠቀለለ ሜዳይ፣ የተጨረማመተ የውኃ ኮዳ፣ የጥይት ቀለህ፣ ጥጉ የተበላ ፎቶግራፍ ይኖርበት ይሆናል። «የማን ነው?» ለሚለው ጥያቄ «ሞያሌ የተገኘ ነው» ማለት መልስ አይሆንም። ምክንያቱን ልንገራችሁ።

ጣልያን ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. በእንግሊዝ ላይ ጦርነት ስታውጅ በኢትዮጵያና በኬንያ ድንበር ላይ ያለችው ሞያሌ በአንድ ጊዜ ግንባር ሆነች። በኬንያ በኩል ያለውን ምሽግ ይጠብቅ የነበረው ኪንግስ አፍሪካን ራይፍልስ፣ ማለትም መኮንኖቹ እንግሊዞች፣ ወታደሮቹ ግን አፍሪካውያን የሆኑበት ጦር ነበር። ጣልያን ከበባቸው። ሐምሌ 7 ለ8 አጥቢያ ጠባቂዎቹ በጨለማ ሾልከው ወጡ፣ ምሽጉም በጣልያን እጅ ገባ። በየካቲት 1933 ዓ.ም. ነገሩ ተገለበጠ፤ ደቡብ አፍሪካውያን የካቲት 11 ቀን ሜጋን ያዙ፣ ሞያሌም በዚያው ወር ተመለሰች። ከእነሱ ጋር ኢትዮጵያውያን ተዋጊዎችም ነበሩ፤ ከጣልያን ወረራ ሸሽተው ወደ ኬንያ የገቡና ኢሲዮሎ፣ በኋላም ታቬታ በስደተኛ ካምፕ የቆዩ ብዙ ወገኖቻችን ነበሩና። እንግዲህ አስቡት፤ በስምንት ወር ውስጥ በአንድ ኮረብታ ላይ የስንቱ አገር ሠራዊት ዕቃውን ጥሎ ሄደ!

ስለዚህ ምልክቱን ማንበብ ያስፈልጋል፣ ይህ ደግሞ ደስ የሚል ሥራ ነው። የእንግሊዝ መንግሥት ንብረት ላይ የዶሮ እግር የምትመስል ትንሽ የቀስት ራስ ትገኛለች። ኮዳው ሥር፣ የመጥረቢያው አንገት ላይ፣ የቆዳው ውስጠኛ ገጽ ላይ ፈልጓት። ያችው ቀስት ወደ ላይ ክፍት በሆነ ግማሽ ክብ ውስጥ ከገባች ዕቃው የደቡብ አፍሪካ ነው። የጣልያን ጠመንጃ ላይ ዘውድና ቴርኒ የሚል የፋብሪካ ስም ሊታይ ይችላል። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የዓመቱ አጻጻፍ ነው። ፋሽስቶች ሥልጣን ከያዙበት ከጥቅምት 1922 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የራሳቸውን ዘመን ስለሚቆጥሩ፣ ከ1938 ጎን በሮማ አኃዝ 16 ተቀርጾ ብታዩ አትደናገጡ። ቀለህም ይናገራል፤ የእንግሊዙ ቂጡ ላይ ወደ ውጭ የወጣ ጠርዝ አለው፣ የጣልያኑ 6.5 ሚሊሜትር ግን ጠርዝ የለውም፣ ዙሪያውን ተቦርቡሮ ነው የተሠራው።

አሁን ወደ ሜዳዩ እንምጣ። ባለ ስድስት ጫፍ የነሐስ ኮከብ ከሆነና ጥብጣቡ አሸዋማ መልክ ኖሮት፣ መሐሉ ቀይ፣ በአንድ ጎን ደማቅ፣ በሌላው ፈዛዛ ሰማያዊ መስመር ካለው፣ አፍሪካ ስታር የሚባለው ነው። በእኛ ምሥራቅ አፍሪካ ላገለገሉ የተሰጠው ከሰኔ 3 ቀን 1932 ጎንደር ላይ የመጨረሻው የጣልያን ጦር እጁን እስከሰጠበት እስከ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ላለው ጊዜ ነው። አጠገቡ በርማ ስታር ካለ አያት ከዚያ በኋላ ወደ እስያ ዘምተዋል ማለት ነው፤ የምሥራቅ አፍሪካ ክፍለ ጦር በ1944 እ.ኤ.አ. በርማ ውስጥ ተዋግቷልና።

ኮከቡን ገልብጡት። የደቡብ አፍሪካ ወታደር ኮከብ ከሆነ ጀርባው ላይ ስሙ ተቀርጿል። የኪንግስ አፍሪካን ራይፍልስ ወታደር ኮከብ ከሆነ ግን ባዶ ነው። እንግሊዝ ለራሷም ወታደሮች እነዚህን ኮከቦች ያለ ስም ነው ያደለችው። ልዩነቱ ግን እንግሊዛዊው ስሙ በብዙ መዝገብ ላይ ስላለ ብዙም አይጎዳም፤ የአፍሪካዊው ነው የሚጠፋው። የኮመንዌልዝ የጦር መቃብሮች ኮሚሽን በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ካለቁት መካከል ቢያንስ 116,000 ሰዎች፣ አብዛኞቹ የምሥራቅ አፍሪካና የግብፅ ተወላጆች፣ በስማቸው ሳይታሰቡ መቅረታቸውን አምኗል። ያ ጦርነት የቀደመው ቢሆንም ልማዱን ያሳያል። ስለዚህ የእናንተ ሣጥን ዘመድ የሚያጫውተው የቤት ዕቃ ብቻ አይደለም፤ ያ ሰው ለመዝመቱ ሌላ ማስረጃ ላይኖር ይችላል።

እንግዲያው ስሙን አሁኑኑ ጻፉት! ብረቱን አትቧጭሩ። በወረቀት ላይ የባለቤቱን ስም እስከ አያት፣ ዕቃው ከማን ወደ ማን እንደተላለፈ፣ ማን እንደነገራችሁና መቼ እንደነገራችሁ ጽፋችሁ ከዕቃው ጋር አስቀምጡ። ሽማግሌዎቹ ጠመንጃውን ውጅግራ፣ ምንሽር ወይም ቤልጅግ ካሉት እንዳሉት ጻፉት፣ አታርሙት። በስልክ ድምፃቸውን ቅዱ። ማስመሪያ አጠገቡ አድርጋችሁ ዕቃውን ከፊትም ከኋላም ፎቶ አንሡት። የአርበኝነት ሜዳይ ያለው ቤተሰብም እንዲሁ ያድርግ። አያቱ ከጣልያን ጋር አስካሪ ወይም ባንዳ ሆኖ ያገለገለም እንዲሁ፤ ማፈሩ ይገባኛል፣ ነገር ግን በአንድ ድንበር ላይ በአንድ ዘር ውስጥ ሁለቱም ወገን ነበሩና፣ የተደበቀው ግማሽ ሲጠፋ የቀረውም ትርጉም ያጣል።

በእንክብካቤ በኩል የምለምናችሁ አንድ ነገር ቢኖር ሜዳዩን በሎሚና በአመድ አታሹት፣ በቀለም ማንጫም አታጽዱት። በፈተጋችሁት ቁጥር ፊደልና ቅርጹ እየተላጠ ይሄዳል፤ ዕድሜን የሚመሰክረው ጠቆር ያለ መልኩም አንዴ ከሄደ አይመለስም። በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ አቧራውን ማንሣት ይበቃል። የዛገ ብረት በደረቅ ቦታ ይቀመጥ፣ ስስ የመሣሪያ ዘይት ይቀባ። ቆዳ ግን ቅቤ አይቀባ፤ ሻጋታና ነፍሳት ይጠራል። ነሐስና ቆዳ ተጣብቀው ከቆዩ አረንጓዴ ዝገት ያወጣሉ፣ በንጹሕ ነጭ የጥጥ ጨርቅ ለያይዋቸው። ጥብጣብን ፀሐይ ያነጣዋል፤ ፎቶግራፍን ደግሞ ላሚኔት ማስደረግ ለዘለዓለም ማበላሸት ነው። ጀርባው ላይ መጻፍ ካለባችሁ ለስላሳ እርሳስ ብቻ፣ ያውም ጥግ ላይ።

ያልተተኮሰ ጥይት ወይም ቀይ ቀለም የተቀባ የጣልያን የእጅ ቦምብ ከተገኘ ግን ማጽዳትም ማንቀሳቀስም የለም። ሰው ራቅ አድርጋችሁ ለፖሊስ ንገሩ፤ ዕድሜ አያመክነውም። ጠመንጃም ቢያረጅ በሁለቱም አገር ሕግ የጦር መሣሪያ ነው፤ በኢትዮጵያ በኩል አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ይመለከተዋል። ያለ ፈቃድ ቅርስን ከአገር ማውጣት በኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 209/1992፣ በኬንያም በ2006 እ.ኤ.አ. በወጣው የሙዚየሞችና የቅርስ ሕግ ይከለከላል። አክስታችሁ በዚያኛው ሞያሌ ሆና ኮከቡን ማየት ብትፈልግ ፎቶውን ላኩላት፣ እሷም የምታውቀውን የክፍለ ጦር ስም፣ ዘመቻና ዓመት በድምፅ ትላክላችሁ፤ ወረቀቱ ላይ ከስሙ ሥር ጨምሩት።