ማለዳ አንክሶ ረፋድ ላይ የሚሮጥ ልጅ

በጥቅምትና በኅዳር የራያ ቆቦ ሜዳ በማሽላ ይሸፈናል። ወፍ ከሚጠብቁት ብዙዎቹ ልጆች ናቸው፤ ወንጭፋቸውን ይዘው ገና ጎሕ ሲቀድ ማማ ላይ ይወጣሉ። እስቲ ከእነርሱ መካከል አንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ በሐሳባችን እንሣል። ከእንቅልፉ ሲነሣ ጉልበቱ አልታጠፍ ይለዋል፤ ማማው ላይ መውጣት ይሳነዋል። ረፋድ ላይ ግን ከእኩዮቹ ጋር ይሮጣል። ቤተሰቡ «ወድቆ ይሆናል» ብሎ ወጌሻ ዘንድ ይወስደዋል። አልሻል ሲለው «ብርድ ነው» ይባላል፤ በዚያ በቆላ ሐሩር! «ሥራ ጠልቶ ነው» የሚልም አይጠፋም።

ልጁ ግን አላስመሰለም። ማለዳ የሚገትር፣ ሲንቀሳቀሱ የሚላላ እብጠት በልጆች ላይ የሚከሠት ሥር የሰደደ የመገጣጠሚያ ብግነት ዋነኛ ምልክት ነው። ሕመሙ በዚህ ስም የሚጠራው ከ16 ዓመት ዕድሜ በፊት ሲጀምር፣ ቢያንስ ስድስት ሳምንት ሲቆይና ሌላ ምክንያት ሲታጣለት ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ጆርጅ ፍሬድሪክ ስቲል በ1897 እ.ኤ.አ. የ22 ልጆችን ሁኔታ በዝርዝር ጽፎ ነበር። መነሻው ግን እስከ ዛሬ በውል አልታወቀም፤ ብርድ አለመሆኑ ግን የታወቀ ነው።

የፊዚክስ መምህር ስለ ሕመም ምን አገባው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። መገጣጠሚያ ግን የሰበቃ ትምህርት ነው። በጤናማ ጉልበት ውስጥ ያለው ሰበቃ በረዶ በበረዶ ላይ ሲንሸራተት ከሚኖረው ጋር ይወዳደራል። ለዚህ የሚረዳው አንዱ ነገር ሃያሉሮኒክ አሲድ የተባሉ ረጃጅም ሞለኪውሎች ያሉበት፣ እንደ እንቁላል ነጭ የሚዝለገለግ ፈሳሽ ነው። የሰውነት መከላከያ ሥርዓት ተሳስቶ የመገጣጠሚያውን ውስጠኛ ስስ ሽፋን ሲያጠቃ ሽፋኑ ያብጣል፤ ፈሳሹ ይበዛል፤ ሞለኪውሎቹም ስለሚቆራረጡ ይቀጥናል። ሌሊት እግሩ ሳይንቀሳቀስ ሲያድር ፈሳሹ ይጠራቀማል፤ ጠዋት መራመድ እንደ ፓምፕ ይገፋዋል። የልጁ ረፋድ ላይ መሮጥ ምሥጢር ይህ ነው። ቸል ከተባለ ብግነቱ ልም አጥንቱን ይበላል። በብግነቱ የተነሣ ወደ ጉልበቱ የሚፈሰው ደም ስለሚጨምር አጥንቱ በዚያ በኩል ፈጥኖ ሊያድግና አንዱ እግር ከሌላው ሊረዝም ይችላል።

በአገራችን ግን ያበጠ ጉልበት ሁሉ ይህ ሕመም አይደለም። ከጉሮሮ ሕመም በኋላ የሚመጣው የሩማቲክ ትኩሳት ከአንዱ መገጣጠሚያ ወደ ሌላው እየዘለለ ያማል፤ መገጣጠሚያውን ትቶ ሲሄድ የልብ በሮችን ጎድቶ ሊሆን ይችላል። የሳንባ ነቀርሳ ተሕዋስም መገጣጠሚያ ውስጥ ይገባል። በአንድ ጉልበት ላይ ድንገት ከኃይለኛ ትኩሳት ጋር የመጣ እብጠት ደግሞ መግል ሊሆን ስለሚችል አንድ ቀን እንኳ የሚታደርበት አይደለም። እነዚህን የሚለይ አንድ ብቸኛ የደም ምርመራ የለም። የአዋቂዎች ሪህ የሚመረመርበት «ሩማቶይድ ፋክተር» በአብዛኞቹ ሕፃናት ላይ ስለማይገኝ፣ ውጤቱ «ኔጋቲቭ» ነው ተብሎ ልጅን ወደ ቤት መመለስ ስሕተት ነው። ከቆቦ ወልድያ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ለብዙ ቤተሰብ ከሕክምናው ይልቅ የመመላለሱ ወጪ ይከብዳል።

ሕክምናው ሕመሙን ከሥሩ ባይነቅለውም ያስታግሠዋል። ለካንሰር ሕክምና ይውል የነበረው ሜቶትሬክሴት በአነስተኛ መጠን ሕፃናቱን እንደሚረዳ በ1992 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ታይቷል። የሚወሰደው በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ በስሕተት በየቀኑ ከተወሰደ ሕይወት ያጠፋል።

ከሁሉ የሚያሰጋው ዓይን ነው። ብግነቱ ያለ ሕመም፣ ያለ መቅላት ወደ ዓይን ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ ልጁ ደኅና አያለሁ እያለ ብርሃኑን ያጣል። ስለዚህ ይበልጥ የሚያሰጋቸው ሕፃናት በየሦስት ወሩ ይመረመራሉ። የዓይን ሐኪሙ በጨለማ ክፍል ቀጭን ጨረር ወደ ዓይን ይልካል። በጤናማ ዓይን ውስጥ ያለው ፈሳሽ ጥርት ያለ ስለሆነ ጨረሩ ሲያልፍ አይታይም። ብግነት ካለ ግን በፈሳሹ ውስጥ የገቡት ፕሮቲኖችና ሕዋሳት ብርሃኑን ይበትኑታል፤ በቆርቆሮ ጣሪያ ቀዳዳ የገባ የፀሐይ ጨረር በቤት ውስጥ አቧራ እንደሚታይ ሁሉ፣ የጨረሩ መንገድ በልጁ ዓይን ውስጥ ነጭ ሆኖ ይታያል።