የአያት ብር ስንት እጁ ብር ነው?

ጠገራ ብር በአገራችን ገበያ በሚዘዋወርበት ዘመን አንዱ ሳንቲም ሦስት ሥራ ይሠራ ነበር። ዕቃ ይገዛል፤ ለክፉ ቀን ይቀመጣል፤ ጆሮ ተበይዶለት በድሪ ላይ ሲንጠለጠል ደግሞ ጌጥ ይሆናል። በወሎ ቆላማ አካባቢዎች፣ ከእነዚህም መካከል ከከሚሴ በስተደቡብ በምትገኘው በጨፋ ሮቢት (ከሸዋ ሮቢት ጋር እንዳትምታታ)፣ ከአያት ለልጅ ልጅ የተላለፉ ድሪዎች፣ አምባሮችና አልቦዎች በየቤቱ ሙዳይ ውስጥ ተቀምጠው ኖረዋል። እንዲህ ያለው ዕቃ በሰንበቴ የእሑድ ገበያም ሆነ በባቲ የሰኞ ገበያ ለሽያጭ ሲቀርብ የሚነሣው የመጀመሪያ ጥያቄ «ስንት ግራም ይመዝናል?» የሚል ነው። ሁለተኛው «እውነተኛ ብር ነው ወይ?» ይሆናል። ለሁለተኛው ጥያቄ መልስ ለማግኘት ዕቃው ይቧጨራል፣ በአሲድ ይነካል፣ አንዳንዴም እስከ መቅለጥ ይደርሳል። ይሁን እንጂ የ9ኛ ክፍል ፊዚክስ ጌጡን ሳይነካ ይህንኑ መልስ ሊሰጥ ይችላል።

በቅድሚያ «እውነተኛ ብር» የሚለው አነጋገር ራሱ መጠነኛ ማብራሪያ ያስፈልገዋል። ንጹሕ ብር ለዕቃ መሥሪያ እጅግ ለስላሳ ነው። በንጹሕ ብር ውስጥ የአተሞች ረድፍ አንዱ በሌላው ላይ በቀላሉ ይንሸራተታል፤ በመካከሉ የመዳብ አተሞች ሲገቡ ግን ረድፉ ይዛነፍና መንሸራተቱ ይከብዳል። በዚህም ምክንያት አንጥረኞች በየአገሩ መዳብ ሲጨምሩበት ኖረዋል። እንግሊዞች ስተርሊንግ የሚሉት ብር ከ1000 እጅ 925 እጁ ብር፣ ቀሪው አብዛኛውን ጊዜ መዳብ ነው። የማርያ ቴሬዛ ጠገራ 833 እጅ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ስም በ1887 ዓ.ም. የወጣው ብር ደግሞ 835 እጅ ነው። መዳቡ ሌላም ጥቅም አለው። ንጹሕ ብር የሚቀልጠው በ962 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን፣ 28 በመቶ ያህል መዳብ ያለበት ቅይጥ ግን በ780 ዲግሪ ይቀልጣል፤ በከሰልና በወናፍ ለሚሠራ አንጥረኛ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። የአገራችን አንጥረኛ ዋነኛ ጥሬ ዕቃው ጠገራው ራሱ ስለ ነበረ፣ ከእርሱ ቀልጦ የተሠራ ጌጥም የዚያኑ ያህል ብር ቢይዝ አያስደንቅም። ስለዚህ የአያት ድሪ ስተርሊንግ ባለመሆኑ ብቻ «ሐሰተኛ» ተብሎ የሚናቅበት ምክንያት የለም።

በአውሮፓ፣ ይልቁንም በእንግሊዝ አገር በተሠሩ ዋንጫዎችና የስጦታ ዕቃዎች ላይ የብሩ መጠን በማኅተም ይነገራል። የሚራመድ አንበሳ ስተርሊንግ መሆኑን፣ የነብር ራስ ለንደን መመርመሩን፣ መልሕቅ በርሚንግሃም መመርመሩን ያመለክታል፤ ፊደሉ ደግሞ ዘመኑን ይናገራል። በአንጻሩ «ኢ.ፒ.ኤን.ኤስ.» የሚል ጽሑፍ ያለበት ዕቃ ከመዳብ፣ ከኒኬልና ከዚንክ ተቀይጦ በኤሌክትሪክ ብር የተለበጠ ነው። የኤልኪንግተን ቤት የዚህን ጥበብ ፓተንት በርሚንግሃም ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1840 ካገኘ ወዲህ፣ በየውድድሩ የሚሰጡት «የብር» ዋንጫዎች ብዙዎቹ ከዚህ ወገን ናቸው። የኛ አገር አሮጌ ጌጥ ግን አብዛኛውን ጊዜ ማኅተም የለውም። ጠገራውም ቢሆን ዘመኑን አይነግረንም። ንግሥቲቱ በሞተችበት በ1780 (እ.ኤ.አ.) ዓመተ ምሕረቱ እንደ ቆመ ቀርቷልና፤ ቪየና፣ በኋላም ሮም፣ ለንደን፣ ቦምቤይና ሌሎች ከተሞች እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ያንኑ ቁጥር ሲያትሙበት ኖረዋል። እንግዲህ መተማመን የሚቻለው በብረቱ በራሱ ነው።

የአርኪሜደስን ሕግ ሁላችንም ተምረናል፤ በተግባር የሞከርነው ግን ጥቂቶች ነን። የሚያስፈልገው እስከ መቶኛ ግራም የሚያነብ የወርቅ ቤት ሚዛን፣ አንድ ብርጭቆ ውኃና ቀጭን ክር ነው። ዕቃው በመጀመሪያ ደረቁን ይመዘናል። ቀጥሎ ውኃ የያዘው ብርጭቆ ሚዛኑ ላይ ተቀምጦ ንባቡ ወደ ዜሮ ይመለሳል። ከዚያም ዕቃው በክር ታስሮ፣ የብርጭቆውን ታችና ጎን ሳይነካ፣ ሙሉ በሙሉ ውኃው ውስጥ ይጠልቃል። ውኃው ዕቃውን ወደ ላይ ሲገፋ፣ ዕቃውም ውኃውን በዚያው መጠን ወደ ታች ይገፋል። ስለሆነም ሚዛኑ አሁን የሚያሳየው ግራም ከተገፋው ውኃ ክብደት ጋር እኩል ነው፤ የአንድ ሴንቲ ሜትር ኩብ ውኃ ክብደት አንድ ግራም ያህል በመሆኑም ይኸው ቁጥር የዕቃው ይዘት ይሆናል።

አንድ ጠገራ 28.07 ግራም ይመዝናል። ውኃ ውስጥ ሲጠልቅ ሚዛኑ 2.75 ቢያሳይ፣ አንዱ ግራም 0.0980 ሴንቲ ሜትር ኩብ ቦታ ይዟል ማለት ነው። የአንድ ግራም ንጹሕ ብር ይዘት 0.0953፣ የአንድ ግራም መዳብ ይዘት 0.1116 ነው። ከመዳቡ ቁጥር የሳንቲሙን ስንቀንስ 0.0136፣ የብሩን ስንቀንስ 0.0163 እናገኛለን። የመጀመሪያው ለሁለተኛው ሲካፈል 0.834 ይሆናል፤ ይኸውም ከመቶ 83 እጁ ብር ነው። ሳንቲሙ በዚያው ክብደት ከመዳብ፣ ከኒኬልና ከዚንክ ቅይጥ ተሠርቶ ብር የተለበጠ ቢሆን ኖሮ ንባቡ ወደ 3.2 ከፍ ይል ነበር። ይህን ያህል ልዩነት ማንኛውም የወርቅ ቤት ሚዛን ይለየዋል።

ጥንቃቄ የሚያሻው 833ን ከ925 ለመለየት ሲፈለግ ነው። ያው 28.07 ግራም ስተርሊንግ ቢሆን ንባቡ 2.71 ይሆናል፤ ልዩነቱ አራት መቶኛ ግራም ብቻ ነው። የአንድ መቶኛ ግራም ስሕተት ብቻውን መልሱን በሁለት በመቶ ያዛንፈዋል። በጌጡ ሥር የተደበቀች 3 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት የአየር ፊኛ ከዚህ የበለጠ ታሳስታለች። የውኃውም ሙቀት ድርሻ አለው፤ በ30 ዲግሪ የአንድ ሴንቲ ሜትር ኩብ ውኃ ክብደት 0.9957 ግራም በመሆኑ፣ በጨፋ ሜዳ የቀን ሙቀት ለሚለካ ሰው ይህ ብቻ አንድ መቶኛ ግራም ያህል ለውጥ ያመጣል። በላቦራቶሪ ተማሪዎቼ ከሁሉ ይልቅ የሚረሱት ፊኛውን ነው። ዕቃውን አስቀድሞ ጥቂት ሳሙና በተቀላቀለበት ውኃ ነክሮ ማለቅለቅ አብዛኛውን ችግር ያስወግዳል። ዕቃው በከበደ መጠንም ስሕተቱ ይሳሳል፤ ግማሽ ኪሎ ለሚመዝን ዋንጫ አንድ መቶኛ ግራም ከቁጥር የሚገባ አይደለም።

ዘዴው ግን ወሰን አለው። ውስጡ ባዶ የሆነ ዶቃ ወይም ክፍት የሌለው የክታብ ማኅደር አየር ስለሚይዝ ከብር የቀለለ መስሎ ይታያል። በእንጨት መቀመጫ ላይ የታሰረ ዋንጫም መቀመጫው ካልተነቀለ አይለካም። ስሌቱ ቅይጡን ብርና መዳብ ብቻ ናቸው ብሎ ስለሚነሣ፣ ከብር የከበደው እርሳስ ተጨምሮበት ከሆነ ይታለላል። «ዘመናዊው መሣሪያ ይበልጣል» የሚል ይኖራል፤ በከፊል ልክ ነው። በኤክስሬይ የሚመረምረው መሣሪያ ብሩን በ22፣ መዳቡን በ8 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ጨረራቸው ለይቶ በደቂቃ ውስጥ ይናገራል፤ እርሳስም ካለ አያመልጠውም። ነገር ግን የሚያየው ከላይ ያለውን እጅግ ስስ ንጣፍ ነው። አንጥረኛው ጌጡን ሲያግል የላይኛው መዳብ ይቃጠላል፤ በአሲድነት ባለው ፈሳሽ ሲያጥበውም የተቃጠለው ታጥቦ ይሄድና ገጹ ላይ ብሩ ይበዛል። መሣሪያው በዚህ ምክንያት ከእውነቱ ከፍ ያለ ቁጥር ሊሰጥ ይችላል። በእኔ አስተያየት ለአሮጌ ጌጥ ሁለቱን አስተያይቶ ማንበብ ይሻላል፤ አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል ግን ሚዛኑንና ብርጭቆውን እመርጣለሁ።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ፣ ወደ ግራሙ እንመለስ። ንግሥት ቪክቶሪያ ለዐፄ ቴዎድሮስ በላከችው ሽጉጥ ላይ ትንሽ የብር ሳህን ነበረች። ንጉሠ ነገሥቱ ለቆንስሉ ለፕላውደን ላደረጉት ደግነት የምስጋና ስጦታ መሆኑ ከ1861 (እ.ኤ.አ.) ጋር ተቀርጾባታል። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን የሠዉት በዚሁ የስጦታ ሽጉጥ ነው። የሳህኗ ብር ተመዝኖ ቢሸጥ ከአንድ ጠገራ ዋጋ የሚደርስ አይመስለኝም፤ የተቀረጸባት መስመር ግን የአንድ ዘመን የውጭ ግንኙነት ሰነድ ነው። የስፖርት ዋንጫም እንዲሁ ነው። ጥር 1954 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፎ ሲረታ፣ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ የተቀበለው የአፍሪካ ዋንጫ ከብር የተሠራ ነበር። ያ ዋንጫ በ1978 (እ.ኤ.አ.) ሦስት ጊዜ ላሸነፈችው ጋና ለዘለቄታው ተሰጠ። ሁሉም ዋንጫ ግን እንዲህ ያለ ዕድል አልገጠመውም። የመጀመሪያው የእንግሊዝ ኤፍ ኤ ዋንጫ እ.ኤ.አ. በ1895 በርሚንግሃም ውስጥ ተሰርቆ ቀረ። ከስተርሊንግ ተሠርቶ ወርቅ የተለበጠው የጁል ሪሜ የዓለም ዋንጫም በ1983 ከሪዮ ዴ ጃኔሮ ከተሰረቀ ወዲህ አልተገኘም፤ እንደ ቀለጠ ይታመናል። የቀለጠ ብር ብርነቱን አያጣም፤ የማን እንደ ነበረ፣ ለምን እንደ ተሰጠ የሚናገረው ቅርጽና ጽሑፍ ግን ተመልሶ አይገኝም።

ጽሑፍን የሚያጠፋው እሳት ብቻ አይደለም፤ መወልወልም ያጠፋል። ብር የሚጠቁረው በአየር ውስጥ ካለ እጅግ ጥቂት የሰልፈር ጋዝ ጋር ተዋሕዶ የብር ሰልፋይድ ሲሠራ ነው። ንጣፉ ገና ስስ ሳለ ብርሃን ከላዩና ከታቹ ተንጸባርቆ ስለሚጣመር በመጀመሪያ ቢጫ፣ ከዚያ ቡናማ፣ ቀጥሎም ሰማያዊ መስሎ ይታያል፤ ውፍረቱ ሲጨምር ይጠቁራል። 100 ናኖ ሜትር ውፍረት ያለው ጥቁረት ከዕቃው የበላው 60 ናኖ ሜትር ያህል ብር ብቻ ነው። አንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር ጥልቀት ያለውን ጽሑፍ ለማጥፋት እንዲህ ያለው ጥቁረት ከ1600 ጊዜ በላይ ደጋግሞ መምጣት አለበት። አሸዋ፣ አመድ ወይም ሻካራ ጨርቅ ግን ጥቁረቱን ብቻ ለይቶ አያነሣም፤ ከሥሩ ያለውን ብርም ይፍቃል። የተለበጠ ዋንጫ ከሆነ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሥሩ ያለው ቢጫማ ብረት ብቅ ይላል።

ከመፋቅ የተሻለው ዘዴ በቤት ውስጥ ይገኛል። በጎድጓዳ ሳህን ላይ የአልሙኒየም ወረቀት ይነጠፋል፤ ሙቅ ውኃና ጥቂት ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ይጨመርበታል፤ ዕቃው አልሙኒየሙን እንዲነካ ሆኖ ይቀመጣል። አልሙኒየሙ ኤሌክትሮኖቹን ይሰጥና በሰልፋይዱ ውስጥ የታሰረው ብር ተመልሶ ብር ይሆናል፤ የበሰበሰ ዕንቁላል የሚመስለው ሽታ የሚወጣው የሰልፈር ጋዝ ነው። ሆኖም አምበር ወይም ክር ያለበት ጌጥ ወደዚህ ውኃ አይገባም። አንጥረኛው ሆን ብሎ በቅርጹ ውስጥ ጥቁር ሙሊት የሞላበት ዕቃም እንዲሁ መራቅ አለበት፤ ያ ጥቁር ሙሊት ራሱ በአብዛኛው የብር ሰልፋይድ ስለሆነ ውኃው ከእድፉ ጋር ጌጡንም ይዞት ይሄዳል።