ሰሊጥ፦ ከሂላው እስከ ወደቡ

በሁመራና በመተማ ቆላ የሰሊጥ አጨዳ ጥድፊያ ነው። መስከረም አልቆ ጥቅምት ሲገባ ከደጋው የሚወርዱ የቀን ሠራተኞች ማጭዳቸውን ይዘው ማሳውን ይሞሉታል። የሰሊጥ ፍሬ ከረጢቱ ሲደርቅ ከጫፉ በራሱ ይከፈታል፤ አጨዳው ከዘገየ ዘሩ መሬት ላይ ይቀራል።

ስለዚህ ገበሬው ሰብሉ ቆሞ እስኪደርቅ አይጠብቅም። ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምርና የታችኛው ከረጢት ቢጫ ሲሆን ያጭደዋል፤ ነዶ ነዶውን አስሮ፣ ጫፉን ወደ ላይ አድርጎ፣ እርስ በርስ አስደግፎ ያቆመዋል።

ይህ ክምር ሂላ ይባላል። ከረጢቱ የሚከፈተው ከላይ በመሆኑ የቆመ ነዶ ዘሩን ይይዛል፤ የተጋደመ ግን ያፈሰዋል። ሁለት ሳምንት ገደማ ፀሐይና ነፋስ ካገኘ በኋላ ነዶው ሸራ ላይ ተዘቅዝቆ ይራገፋል። ሸራው ዘሩን ከአፈርና ከጠጠር ይጠብቃል፤ የአውሮፓ ኅብረት ከኢትዮጵያ የሚገባውን ሰሊጥ በሳልሞኔላ ባክቴሪያ ምክንያት ስለሚመረምር፣ በባዶ መሬት ላይ የተራገፈ ምርት ገበያ ሊያጣ ይችላል።

መጋዘን ሲገባ ደግሞ ጠላቱ እርጥበት ነው። የሰሊጥ ግማሽ ያህሉ ዘይት ነው፤ ዘይት ውሃ ስለማይቀበል በዘሩ ያለው እርጥበት ሁሉ በቀረው ክፍል ላይ ያርፋል። ስንዴ 12 በመቶ እርጥበት ይዞ በደኅና ሊቀመጥ ይችላል፤ ሰሊጥ ግን ወደ 6 በመቶ መውረድ አለበት። ካልወረደ ይሞቃል፣ ይሻግታል፣ ዘይቱም ይኮመጥጣል። ጆንያው ከወለሉ ከፍ ብሎ በርብራብ ላይ፣ ከግድግዳው ራቅ ብሎ የሚደረደረውም ለዚህ ነው። በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ መጋዘኖችም ሰሊጡን ናሙና ወስደው፣ መዝነውና ደረጃ ሰጥተው ይረከባሉ።

ከዚያ በኋላ ጉዞው ወደ ጅቡቲ ነው። የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው በለቡ ጣቢያ ነው። ለቡ ተሳፋሪ ያስተናግዳል፤ የጭነቱ ጣቢያ እንዶዴ ነው። 750 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው ሐዲድ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ደጋ ወደ ባሕር ጠለል ይወርዳል።

በባቡርም ሆነ በካሚዮን ቢጓዝ በኮንቴይነሩ ላይ የሌሊት ብርድና የቀን ሐሩር ይፈራረቁበታል። በደንብ ካልደረቀ ዘር የወጣ እንፋሎት በቀዝቃዛው ጣሪያ ላይ ውሃ ሆኖ በጆንያው ላይ ይንጠባጠባል። ጥንቁቅ ላኪዎች የኮንቴይነሩን ግድግዳ በወረቀት ይሸፍናሉ፣ እርጥበት የሚመጥ ከረጢት ይሰቅላሉ፤ ከሁሉም በፊት ግን ከመጫኑ በፊት የዘሩን እርጥበት ይለካሉ።