ስለ አቧራ መሳቢያ መኪና ዓይነቶችና ስለሚሰጣቸው የኮከብ ነጥብ

ቫኪዩም ክሊነር የተባለው የአቧራ መሳቢያ መኪና ቀደም ባለው ጊዜ ከአዲስ አበባ ታላላቅ ሆቴሎችና ከኤምባሲዎች ግቢ ውጭ እምብዛም የማይታይ ዕቃ ነበር። ዛሬ ግን በፍኖተ ሰላምና በቡሬ የሆቴል ባለቤቶች፣ መኪና የሚያጥቡ ላቫጆዎችና ቢሮአቸውን ምንጣፍ ያነጠፉ መሥሪያ ቤቶች፣ በአዴትም ቢሆን ወለላቸውን በሴራሚክ ያሠሩ አባወራዎች ዕቃውን ቢጠይቁ የሚያስገርም አይደለም። ደንበኛ የፈለገውን ማቅረብ የነጋዴ ሥራ ነው። ነጋዴውን የሚያስቸግረው ከብዙዎቹ ዓይነቶች መካከል የትኛውን ማዘዝ እንደሚገባው መለየቱ ላይ ነው።

ክርክሩ በሁለት ወገን የተከፈለ ነው። አንደኛው ወገን ቆሞ የሚገፋውን፣ ሞተሩና ብሩሹ ከእጀታው ጋር በአንድነት የተሠራውን ይመርጣል፤ መልኩ ያማረ፣ በሣጥኑም ላይ አራትና አምስት ኮከብ የታተመበት ነውና። ሁለተኛው ወገን በጎማ እግሩ እየተጎተተ በረጅም ቱቦ የሚስበውን የቆየውን ዓይነት አይለቅም። ሁለቱም የሚያቀርቡት ማስረጃ ግን ተመሳሳይ ነው፤ ይኸውም በሣጥኑ ላይ የተጻፈው ነጥብ ወይም በስልክ የታየው የገዢዎች አስተያየት ነው። ነጥቡን ማን እንደ ሰጠው፣ ዕቃውም በምን ዓይነት ወለል ላይ እንደ ተፈተነ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው።

ይህ ጥያቄ ቀድሞ በቀላሉ ሊታለፍ ይቻል ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ግን የተሳሳተ ትእዛዝ የሚያስከትለው ጉዳት ከብዷል። ከዚያ ቀን አስቀድሞ በባንክ 57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። የመጓጓዣና የቀረጥ ወጪ ሳይታሰብ፣ በፊት 5,700 ብር ገደማ ይፈጅ የነበረው ባለ 100 ዶላር መኪና ከ10,000 ብር በላይ ይፈጃል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ዕቃ ሃያ ያህል አስመጥቶ ዓመት ሙሉ በመደርደሪያ ላይ የሚያስቀምጥ የፍኖተ ሰላም ባለሱቅ፣ ያሰረው ገንዘብ የበርበሬና የበቆሎ መግዣውን ነው።

የመኪናው አሠራር እንደ ስሙ የከበደ አይደለም። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሞተር ማራገቢያ በኃይል ያሽከረክራል፤ ማራገቢያው የውስጡን አየር ወደ ውጭ ሲገፋ በመኪናው ሆድ ውስጥ ያለው ግፊት ይቀንሳል፤ የውጭው አየርም ጉድለቱን ለመሙላት በአፉ በኩል ሲሮጥ አቧራውን ይዞ ይገባል። አየሩ በከረጢትና በማጣሪያ ሲያልፍ አቧራው በውስጥ ይቀራል። ከረጢት የሌላቸው ዓይነቶች ደግሞ አየሩን እንደ ዐውሎ ነፋስ በማዞር አቧራውን ወደ ዳር ወርውረው ይለዩታል። በዚህ አሠራር ስሙ የታወቀው እንግሊዛዊው ጄምስ ዳይሰን 5,127 የሙከራ ናሙናዎችን መሥራቱን ይናገራል፤ በራሱ ስም የሚጠራውን ቆሞ የሚገፋ መኪና ለአገሩ ገበያ ያቀረበውም እ.ኤ.አ. በ1993 ነው።

ቆሞ የሚገፋው ዓይነት ከሌላው የሚለየው በአፉ ላይ በሚሽከረከረው ብሩሽ ነው። ብሩሹ የምንጣፉን ጸጉር እየመታ ከሥር የተቀበረውን አሸዋ ያነሣል። ይህን ዓይነት በመጀመሪያ የሠራው ጄምስ ስፓንግለር በአሜሪካ፣ በኦሃዮ ግዛት፣ በካንተን ከተማ በአንድ ሱቅ የጽዳት ሠራተኛ ነበር። የሚጠርገው አቧራ የአስም ሕመሙን ቢያባብስበት፣ ማራገቢያ፣ የመጥረጊያ እንጨትና የትራስ ጨርቅ አያይዞ መኪናውን ሠራ፤ የፈጠራ መብቱንም እ.ኤ.አ. በ1908 አገኘ። መብቱን የገዛው ዊልያም ሁቨር የፈረስ ዕቃና ሌላም የቆዳ ሥራ አምራች ነበር። አውቶሞቢል ሲበዛ የፈረስ ዕቃ ገበያ እንደሚቀዘቅዝ አስቀድሞ አይቶ ሌላ ሥራ ይፈልግ ነበር። የአዊ ፈረሰኞች ባሉበት አካባቢ ግን ይህ ገበያ እስከ ዛሬም አልቀዘቀዘም። ሁቨር ዕቃውን የሸጠበት መንገድ ለነጋዴ ትምህርት ያለው ነው፦ በመጽሔት ባወጣው ማስታወቂያ ማንኛውም ሰው መኪናውን በቤቱ ለ10 ቀን ያለ ክፍያ እንዲሞክረው ፈቀደ፤ ዕቃውንም ለጠያቂው ያደረሰው በዚያው ከተማ በሚገኝ ባለሱቅ በኩል ነበር። ባለሱቆቹም በዚህ ምክንያት ወኪሎቹ ሆኑ። ገዢው የፈተነው በራሱ ወለል ላይ ነበርና የሌላ ሰው ነጥብ አላስፈለገውም።

ቆሞ የሚገፋው ዓይነት በአሜሪካና በእንግሊዝ የተወደደው ብዙው ቤት ከግድግዳ እስከ ግድግዳ በምንጣፍ የተሸፈነ ስለ ነበረ ነው። በቀረው የአውሮፓ ክፍል በቱቦ የሚስበው ዓይነት ይበልጥ ተለምዷል። የምዕራብ ጎጃም ወለል ደግሞ ሌላ ነው። የገጠሩ ቤት ወለል በእበት የተለቀለቀ ምድር ስለሆነ መኪናው ልቅልቁን እየቀረፈ ይስባል እንጂ አያጸዳውም። የከተማው ቤት ወለል ሊሾ ሲሚንቶ፣ ሴራሚክ ወይም የፕላስቲክ ምንጣፍ ነው። በበዓል ቀን ቄጠማ ይጎዘጎዛል፤ ቡና ሲፈላም ፈንድሻ ይበተናል። የሚሽከረከረው ብሩሽ ቄጠማውን እንደ ገመድ በላዩ ላይ ጠምጥሞ ይታነቃል፤ ሰው ቶሎ ካላጠፋውም ብሩሹን የሚያዞረው ቺንጋ ይበጠሳል። በለሰለሰ ሲሚንቶ ላይ ደግሞ የወደቀውን ጥራጥሬ ከመሳብ ይልቅ ወደ ፊት ይረጨዋል። ብሩሹን ለብቻ የሚያቆም ማብሪያ ያላቸው ዓይነቶች ስላሉ፣ አስመጪው ከማዘዙ በፊት ይህን ለይቶ መጠየቅ ይገባዋል።

ይሁን እንጂ ለዚህ መኪና ተስማሚ ቦታ በአካባቢው አይጠፋም። በቤተ ክርስቲያንም በመስጊድም ሰው ጫማውን አውልቆ የሚገባ በመሆኑ፣ በከተሞቹ በሚገኙት ብዙዎቹ ወለሉ በምንጣፍ የተሸፈነ ነው፤ የሚረግጠውም ሕዝብ ብዙ ነው። በእንዲህ ያለ ቦታ ቆሞ የሚገፋው መኪና በእርግጥ ይበልጣል። ጧፍ ነጥቦ በምንጣፍ ላይ የደረቀውን ሰም ግን ማንኛውም መኪና አያነሣውም፤ ይህንንም ለሰበካ ጉባኤው ሳይደብቁ አስቀድሞ መንገር ከኋላ ወቀሳ ያድናል። ለሆቴል መኝታ ክፍል፣ አልጋ ሥር ገብቶ መጋረጃም ስለሚያጸዳ፣ ባለ ቱቦው ይሻላል። ለላቫጆ የሚሆነው ደረቁንም እርጥቡንም የሚስበው ባለ በርሜሉ ብቻ ነው፤ ለደረቅ አቧራ የተሠራ መኪና ውሃ ሲስብ ሞተሩ ይበላሻል፤ ሠራተኛውንም ኤሌክትሪክ ሊይዘው ይችላል።

አሁን ወደ ነጥቡ ጉዳይ መመለስ ይገባል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1936 የተቋቋመው ኮንሲዩመርስ ዩኒየን፣ በጀርመንም እ.ኤ.አ. በ1964 የተቋቋመው ሽቲፍቱንግ ዋረንቴስት፣ ዕቃውን እንደ ማንኛውም ሰው በገበያ ገዝተው ይፈትናሉ። የእነዚህ ምዘና ከአምራቹ ቃል የተሻለ እምነት ይጣልበታል። ነገር ግን ታማኝ መዛኝ እንኳ በምን እንደ መዘነ ካልታወቀ ሊያሳስት እንደሚችል የአውሮፓ ኅብረት ታሪክ ያስረዳል።

ኅብረቱ እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 2014 ጀምሮ በአባል አገሮቹ የሚሸጥ የአቧራ መሳቢያ መኪና ከኤ እስከ ጂ ባሉት ፊደላት ደረጃው የተገለጠበት ወረቀት እንዲለጠፍበት አዘዘ። ወረቀቱ የምንጣፍ ጽዳትንና የጠንካራ ወለል ጽዳትን ለየብቻ ያሳይ ስለ ነበር፣ አዘጋጆቹ የወለልን ልዩነት ማሰባቸው ያስመሰግናቸዋል። የዳይሰን ኩባንያ ግን ምዘናው የሚደረገው የመኪናው ከረጢት ባዶ ሳለ ነው ብሎ ከሰሰ። ከረጢቱ ባዶ የሆነ መኪና አጥብቆ ይስባል፤ እየሞላ ሲሄድ ግን አየሩ ማለፊያ ስለሚያጣ ሊዝል ይችላል፤ ባለቤቱም አብዛኛውን ጊዜ የሚጠርገው አቧራ ባለበት ከረጢት ነው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2015 ተረታ፤ ይግባኝ ብሎም በ2017 ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ አስወሰነ፤ በኖቬምበር 2018 ፍርድ ቤቱ ደንቡን ሻረው፤ ወረቀቱም በጃንዋሪ 2019 ቀረ። ዳይሰን ከረጢት የሌለው መኪና ሻጭ በመሆኑ ለጥቅሙ መሟገቱ ግልጽ ነው፤ ቢሆንም ያነሣው ጥያቄ ትክክል ነበር። ስለዚህ በመጋዘን በቆየ ሣጥን ላይ ያንን የፊደል ደረጃ የሚያይ ነጋዴ፣ ደረጃው በተሻረ ምዘና የተሰጠ መሆኑን ልብ ይበል።

ይህ ነገር ለጎጃም ነጋዴ ሩቅ አይደለም። ቀዩ አፈር በበጋ ደቆ እንደ ዱቄት ሲሆን ማጣሪያውን ቶሎ ይደፍነዋል። ከረጢት ያለው መኪና የተለዋጭ ከረጢት አቅርቦት ይፈልጋል፤ በቡሬ ከረጢት የሚሸጥ ሱቅ ከሌለ መኪናው በሁለተኛው ወር ከጥግ ይቆማል። ከረጢት የሌለው ይህን ወጪ ያስቀራል፤ ነገር ግን ሲደፉት አቧራው ይቦናል፤ ማጣሪያውም ዘወትር መታጠብና ከመገጠሙ በፊት ፈጽሞ መድረቅ አለበት። በክረምት ይህ ማድረቅ ቀላል አይሆንም። ሁለቱን ቢያነጻጽሩ ከረጢት የሌለው ለገጠር ከተሞች ይሻላል፤ ሻጩ አጠባቡን አሳይቶ ከሸጠው ነው።

ከሣጥን ጽሑፍ ሁሉ ይበልጥ የሚያታልለው ዋት ነው። ብዙ ባለሱቅ 2,000 ዋት የተጻፈበትን ከ900 ዋቱ ይበልጣል ብሎ ይሸጣል። ዋት ግን መኪናው የሚበላውን ኤሌክትሪክ ያሳያል፤ ብዙ ገብስ የሚበላ በቅሎ ሁሉ ብዙ አይጭንም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2014 ከ1,600 ዋት፣ በ2017 ደግሞ ከ900 ዋት በላይ የሚበሉ የቤት መኪናዎች በገበያው እንዳይቀርቡ ሲከለክል፣ አምራቾቹ የአፉንና የአየር መንገዱን ቅርጽ አሻሽለው ባነሰ ዋት ማጽዳት ችለዋል።

በኢንተርኔት ገበያ ገዢዎች የሚሰጡት ኮከብስ? ሰው አስተያየቱን የሚጽፈው ብዙ ጊዜ ዕቃው እጁ በገባ በጥቂት ቀን ውስጥ ስለሆነ፣ ኮከቡ ስለ መልኩና ስለ አጀማመሩ ይናገራል እንጂ በሦስተኛው ዓመት ሞተሩ ምን እንደሚሆን አይነግርም። አምስት ሰዎች የሰጡት አምስት ኮከብም ሁለት ሺህ ሰዎች ከሰጡት አራት ኮከብ ጋር በአንድ ሚዛን አይቀመጥም። ከዚህም ሌላ በገንዘብ የሚገዛ ምስክርነት ስለ በዛ፣ የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን የሐሰት አስተያየት መሸጥንና መግዛትን የሚከለክል ደንብ እ.ኤ.አ. በ2024 አውጥቷል። ለነጋዴ የሚጠቅሙት ዝቅተኛውን ኮከብ የሰጡት ሰዎች የጻፉት ቃላት ናቸው፤ ቺንጋው ተበጠሰ፣ ባትሪው ደከመ፣ መለዋወጫ ጠፋ የሚሉት ቅሬታዎች ሲደጋገሙ የሚታዩት በዚያ ነውና።

ዘመድ ከአሜሪካ የሚልከው መኪና ብቻውን መጠቀስ አለበት። ያ ዕቃ የተሠራው ለ120 ቮልት ነው፤ በኢትዮጵያ ባለ 220 ቮልት መስመር ላይ በቀጥታ ከተሰካ ሞተሩ ወዲያው ይቃጠላል። ለሬዲዮ የሚያገለግል ትንሽ ትራንስፎርመርም አይችለውም፤ መኪናው ከ1,000 ዋት በላይ ሊስብ ስለሚችል ከፍ ያለ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል፤ የዚህም ዋጋ ሲደመር ስጦታው ስጦታነቱ ይቀራል። በባትሪ የሚሠራው ቀጭን ዓይነት መብራት በሚጠፋበት ሰዓት ይጠቅማል፤ ባትሪው ግን በዓመታት ውስጥ አቅሙን ያጣል። ተለዋጭ ባትሪ የማይገኝለትን ዓይነት ማዘዝ አይመከርም።

በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። ምንጣፍ ለሌለው ሰው የምንጣፍ ነጥብ እያሳዩ መሸጥ ከዚህ መንፈስ ጋር አይስማማም፤ ደንበኛውም ቢሆን ለሁለተኛ ጊዜ ወደዚያ ሱቅ አይመለስም።

ከዚህ ሁሉ የተነሣ፣ ኮንቴይነር ሙሉ ከማዘዝ በፊት ከእያንዳንዱ ዓይነት አንድ አንድ አስመጥቶ፣ የሁቨርን ብልሃት በመከተል፣ አንዱን ለሆቴል፣ አንዱን ለቤተ ክርስቲያን ወይም ለመስጊድ፣ አንዱንም ለመኖሪያ ቤት በውሰት መስጠት ለአስመጪው ያዋጣዋል። ባለሱቁ አንድ ደብተር ከፍቶ የወለሉን ዓይነት፣ ማጣሪያው የተደፈነበትን ቀን፣ የተሰበረውን ዕቃና የተጠቃሚውን ቅሬታ ይመዝግብ። ሙከራውም አንድ በጋና አንድ ክረምት ይለፍበት፤ የኅዳርና የታኅሣሥ አቧራ ያላስቸገረውን መኪና በጫማ ተይዞ የሚገባው የሐምሌ ጭቃ ሊያስቸግረው ይችላልና።